የአልጋ ቁስል፦ አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ሆስፒታል የተኛ ሰው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ የምትይዛቸው በሽተኞች ብዙ ስለሆኑ ማጠቡ፣ ማብላቱና ማገላበጡ በአብዛኛው የሚወድቀው በአስታማሚው ላይ ነው። መሆን ያለበት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚሆነው ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ነርሶች በትምህርት ቤት የሚማሩትን ዋና ዋና ነገር አስታማሚውም ቢያውቀው ይበጃል።

የአልጋ ቁስል የሚመጣው ከንጽሕና ጉድለት ነው?

ንጽሕና ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ጫና ነው። አጥንት ከውስጥ፣ ፍራሽ ከውጭ ሆነው በመካከላቸው ያለውን ሥጋ ሲጫኑት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያልደረሰው ሥጋ ኦክስጅን ያጣል፤ ጫናው ካልተነሣለት ይሞታል። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ደጋግሞ ይገላበጣል፤ የጎረበጠው ጎን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ስትሮክ የመታው፣ አከርካሪው የተጎዳ፣ ራሱን የሳተ ወይም በጠንካራ ማስታገሻ የደነዘዘ ሰው ግን መጎርበጡ አይሰማውም፤ ቢሰማውም መዞር አይችልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ጡንቻ ከቆዳ ይልቅ በጫና ቶሎ ይጎዳል። ጉዳቱ አጥንቱ አጠገብ ጀምሮ ወደ ውጭ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቆዳው ላይ የሳንቲም ያህል ምልክት በታየበት ሰዓት ከሥሩ ያለው ጉዳት ከዚያ በጣም የሰፋ ሊሆን ይችላል። «ትናንት ምንም አልነበረውም፤ ዛሬ ጠዋት ተቦድሶ አገኘነው» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ቁስሉ የተሠራው ከመታየቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በፊት ነው።

ሽንት፣ ሰገራና ላብ ቆዳውን ያርሱትና አቅም ያሳጡታል። በአንሶላ ላይ መጎተት ደግሞ ይልጠዋል። ሁለቱም ጫናው የጀመረውን ያፋጥናሉ።

ነርሷ ለአባቴ «13 ነጥብ አላቸው» ብላ ጻፈች። ምን ማለት ነው?

የተጠቀመችው የአልጋ ቁስል ስጋትን የሚለካውን የብሬደን መለኪያ ሳይሆን አይቀርም። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም የተባሉ አሜሪካውያን የነርስ ሙያ ምሁራን ያዘጋጁት ሲሆን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ጫናና ሕመም መሰማቱን፣ የቆዳውን እርጥበት፣ ከአልጋ ተነሥቶ መንቀሳቀስን፣ አልጋ ላይ ራስን ማዞርን፣ አመጋገብን፣ ሰውነቱ ከአንሶላ ጋር መፋተጉንና መንሸራተቱን። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይደርሳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስጋቱ ይጨምራል። 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ሰው ለአልጋ ቁስል የተጋለጠ ነው፤ 13 እና 14 መካከለኛ ስጋት፣ 12 እና ከዚያ በታች ከፍተኛ ስጋት ይባላል።

ቁጥሩ ካርድ ላይ ተጽፎ ከቀረ ለአባትዎ የሚፈይደው ነገር የለም። ነርሷን «13 ከሆኑ በምን ሰዓት ይገላበጡ? ምን ላይ ይተኙ?» ብለው ይጠይቋት። ነጥቡም አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው፣ ትኩሳት ከያዛቸው ወይም መብላት ካቆሙ እንደገና መታየት አለበት።

የትኛውን የሰውነት ክፍል ልይ?

አጥንት ለቆዳ የቀረበበትን ሁሉ። በጀርባው ለተኛ ሰው ቀዳሚዎቹ ሁለቱ ከወገብ በታች፣ የመቀመጫው ስንጥቅ የሚጀምርበት አጥንትና ተረከዝ ናቸው። ቀጥሎ የራስ ቅል የኋላ ክፍል፣ የትከሻ አጥንትና ክርን ይመጣሉ። በጎኑ ለሚተኛ ደግሞ የዳሌ ጎን ላይ ያለው የአጥንት ጉብታ፣ የጉልበት ጎን፣ ቁርጭምጭሚትና ጆሮ። ተደግፎ ለሚቀመጥ ሰው የመቀመጫ አጥንቶቹ።

በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይዩ። ካልሲውን ሳያወልቁ «እግሩ ደህና ነው» አይበሉ፤ ተረከዝ ላይ የሚደርስ ጉዳት ተደብቆ የሚከርመው በካልሲ ሥር ነው።

«ቆዳው ይቀላል» ይባላል። የእናቴ ቆዳ ጥቁር ስለሆነ መቅላቱ በምን ይታወቃል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከባለሙያዎችም ሁሉም አይጠይቀውም። የአልጋ ቁስልን የመጀመሪያ ደረጃ በመቅላት የሚገልጹት መመሪያዎች ነጭ ቆዳን አስበው የተጻፉ ናቸው። በጣት ተጭኖ «ነጣ ወይስ አልነጣም» የሚለው ፍተሻም ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይፍረዱ።

በመስኮት ብርሃን ይዩ፤ የዋርዱ ረጅም ነጭ አምፖል ቀለም ያታልላል። አጥንቱ ላይ ያለው ቆዳ ከዙሪያው ጠቆር ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ወጠር ብሎ የሚያበራ መሆኑን ያስተውሉ። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ያስነኩት። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይሞቃል? ወይስ ይቀዘቅዛል? በጣት ሲነካ ጠጥሯል ወይስ ውሃ እንደያዘ ይረግባል? መናገር የምትችል ከሆነች ሕመም ወይም ማቃጠል እንዳለ ይጠይቋት። የሙቀት፣ የጥንካሬና የስሜት ለውጥ ከቀለም ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ከነዚህ አንዱን ካገኙ በዚያ ጎን ማስተኛቱን ያቁሙና ለነርሷ ይንገሩ።

በየስንት ሰዓቱ ላገላብጥ? እንዴትስ?

የተለመደው መነሻ በየ2 ሰዓቱ ነው። ጥሩ ፍራሽ ላይ ለተኛና ቆዳው ደህና ለሆነ ሰው ሊራዘም ይችላል፤ በጣም ለከሳ ወይም ምልክት ለጀመረው ሊያጥር ይችላል። የሚወስነው ቆዳው ነው፦ ሲገላብጡት የተለወጠው ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ ጊዜው ረዝሟል ማለት ነው።

ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው ራስጌ ላይ ይለጥፉ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በግራ ጎን፣ 2 ሰዓት በጀርባ፣ 4 ሰዓት በቀኝ ጎን፣ 6 ሰዓት እንደገና በግራ። አስታማሚዎች ሲቀያየሩ «አሁን አገላብጬዋለሁ» እና «አሁን ይገላበጣል» የሚሉት ሁለት ነገሮች እየተምታቱ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጎን የሚያድር በሽተኛ ብዙ ነው። ወረቀቱ ከማስታወስ ይሻላል።

ሲያዞሩት ሙሉ በሙሉ በጎኑ አያስተኙት፤ ያኔ ክብደቱ ሁሉ የዳሌው ጉብታ ላይ ያርፋል። ከጀርባው ትራስ ደግፈው ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘንብሉት። ትራስ ከሌለ የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሆናል። በሁለቱ ጉልበቶች መካከልም አንድ ይግባ። በጀርባው ሲተኛ ከባቱ ሥር በርዝመቱ ትራስ አድርገው ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ያንሡት፤ እጅዎ በተረከዙና በአንሶላው መካከል በነጻ ማለፍ አለበት።

የራስጌውን ከፍታም ይቆጣጠሩ። በሽተኛው ቀና ብሎ ሲደገፍ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አጥንቱ ሲወርድ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በመካከሉ ያሉት የደም ሥሮች ይጎተታሉ። ለምግብ ወይም ለትንፋሽ ሲባል ሐኪሙ ካላዘዘ በስተቀር ከ30 ዲግሪ በላይ አይቆይ፤ ቀና ከማድረግዎ በፊት ጉልበቱን በትራስ ከፍ ያድርጉለት። ወደ ላይ ሲመልሱት ብብቱን ይዘው አይጎትቱት። ሁለት ሰው ከሥሩ ያለውን አንሶላ በግራና በቀኝ ይዞ ብድግ ያድርገው። ጠያቂ ሲመጣ ይህን ያሠሩት! ብርቱካን ይዞ ከመጣ ዘመድ ይልቅ አንሶላ የሚይዝ ዘመድ ይጠቅማል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ አከርካሪው ወይም አንገቱ የተሰበረ፣ ወይም የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድና ነርሷ ሳታሳይዎት አያገላብጡት። ለእነዚህ ሰዎች ራሱን የቻለ አገለባበጥ አለ።

ጓንት ውስጥ ውሃ ሞልተን ተረከዙ ሥር አደረግን። ክብ ጎማም ገዝተናል። ይጠቅማል?

ሁለቱንም ያንሡ። በውሃ የተሞላ ጓንት በየዋርዱ ይታያል፤ አንዳንዴም የምንመክረው እኛው ነርሶች ነን። ነገር ግን ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በግልጽ አትጠቀሙበት ይላሉ። ጓንቷ ትንሽ ስለሆነች ክብደቱን አትበትነውም፤ ይልቁንም በአንዲት ቦታ ትሰበስበዋለች። የግሉኮስ ከረጢትም ያው ነው። መሀሉ ክፍት የሆነው ክብ መቀመጫ ደግሞ ጫናውን ከመሀል ወደ ዙሪያው ያዛውርና ለመሀሉ የሚደርሰውን ደም ያንቃል። ከባት ሥር የሚገባ አንድ ተራ ትራስ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ወጪም የለበትም።

ቦታውን በቅባት እያሸሁ ላነቃቃው?

አይሹት። አጥንት ላይ ያለ የተለወጠ ቆዳ ማለት ከሥሩ የተጎዳ ሥጋ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማሸት ጉዳቱን ይጨምራል። በአልኮል መጥረግም ቆዳውን ያደርቀዋል። ጤነኛውን ቆዳ ግን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ሳይፈትጉ አድርቀው፣ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ጥሩ ነው። «ምን እንቀባ?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንሰማለን፤ የተጫነውን ነገር ሳያነሡ የሚቀባ ቅባት ግን ትርፉ ድካም ነው።

ምን ላብላው? ጾም ላይ ነው።

ቆዳ የሚታደሰው በፕሮቲን ነው። ለአልጋ ቁስል የተጋለጠ ወይም ቁስል ያለው አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ገደማ ይሰጣል። ከዚህ አንጻር ለታመመ ሰው የምንሮጥበት ቀጭን አጥሚት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያስሉት። አጥሚቱን መተው አያስፈልግም፤ በወተት ይሥሩት፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይጨምሩበት።

የኦርቶዶክስ ጿሚ ከሆነ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። በእስልምናም በሽተኛ በረመዳን ከመጾም ነጻ ነው። በሽተኛው ራሱ የጾም ምግብ ልብላ ካለ ግን አይጨቃጨቁት፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በዛ ተደርገው፣ ትንሽ ትንሽ ሆነው ቶሎ ቶሎ ይቅረቡለት። ችግሩ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየቱ ላይ ነው።

የኩላሊት በሽተኛ የፕሮቲን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥ በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ዳይፐር ማድረግ ወይስ አለማድረግ?

ዳይፐሩ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ርሶ መቆየቱ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሲያገላብጡ አብረው ይዩት። ሁለትና ሦስት ዳይፐር አይደራርቡ፤ ሙቀትና ጫና ይጨምራል። ከፍራሹ በላይ የሚነጠፈው ላስቲክም ላብ ያስይዛል፤ ካስፈለገ በላዩ የጥጥ አንሶላ ያንጥፉና ሽብሽቡን ያስተካክሉ። ሰገራ ከነካው ቆዳው ወዲያው ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት እንደ መከላከያ ይቀባ።

ጄሶና ቱቦ ያቆስላሉ?

አዎን። የኦክስጅን ቱቦ ከጆሮ ጀርባ፣ በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ አፍንጫ ጫፍ ላይ፣ የአንገት መደገፊያ አገጭ ሥር፣ የሽንት ቱቦ ጭን ሥር ገብቶ ሲቀር ያቆስላሉ። በየቀኑ ከሥራቸው ይዩ፤ መንቀሳቀስ ያለበትን ቱቦ ነርሷ ታንቀሳቅሰው። ጄሶ ውስጥ ያለ እግር በአንድ ነጥብ ላይ ካቃጠለ ወይም ሽታ ካመጣ «ይለመዳል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ይታይ። የጭን አጥንቱ ተሰብሮ እግሩ በክብደት እየተጎተተ ለሳምንታት በጀርባው የሚተኛ ወጣት የአልጋ ቁስል ይይዘዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ወገቡንና የሌላኛውን እግር ተረከዝ ይዩለት። ከራሱ በላይ የሚይዘው ነገር ካለ በየጊዜው መቀመጫውን ብድግ ያድርግ።

ቆዳው ተከፈተ። አሁን ምን ይደረግ?

ለነርሷ ያሳዩ፤ ደረጃው ካርዱ ላይ ይጻፍ። ደረጃ 1 ቆዳው ሳይከፈት የተለወጠ፣ ደረጃ 2 የላይኛው ቆዳ የተላጠ ወይም ውሃ የቋጠረ፣ ደረጃ 3 ስቡ እስኪታይ የተቦደሰ፣ ደረጃ 4 ጡንቻ፣ ጅማት ወይም አጥንት የደረሰ ነው። በሞተ ሥጋ ተሸፍኖ ጥልቀቱ የማይታወቅ፣ እንዲሁም ቆዳው ሳይቀደድ ከውስጥ የጠቆረ ተብለው የሚመዘገቡም አሉ።

የማገላበጡ ሥራ ከበፊቱ ይበረታል፤ በተቻለ መጠን ቁስሉ ላይ አይተኛም። ቁስሉ በንጹሕ የጨው ውሃ፣ ማለትም በኖርማል ሳላይን ይታጠባል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚፈላው ቆሻሻውን ብቻ እያጠፋ አይደለም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይጎዳል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ከካፕሱል ተፈትቶ የሚነሰነስ የአንቲባዮቲክ ዱቄት አይግባበት። ማር ለቁስል የሚውልበት ሕክምና አለ፤ የሚውለው ግን ተጣርቶ ጀርም እንዳይኖረው የተደረገ ማር እንጂ ከገበያ የተገዛው አይደለም።

የሞተውን ሥጋ ማንሣት የባለሙያ ሥራ ነው። ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ የማይረግብ፣ የማይሸት ጥቁር ቅርፊት ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ ለጊዜው እንደ መሸፈኛ ያገለግላል።

ደረጃ 2 በጥቂት ሳምንታት ሊድን ይችላል። ደረጃ 3 እና 4 ወራት ይፈጃሉ፤ አንዳንዶቹ ከአጠገብ ሥጋና ቆዳ አዙሮ የሚሸፍን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ።

በየትኛው ምልክት ልደንግጥ?

መግል፣ አዲስ መጥፎ ሽታ፣ በቁስሉ ዙሪያ የሚሰፋ ሙቀትና እብጠት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ በሽማግሌ ላይ ድንገተኛ መቀባዠር። ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ወይም ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል ለነገ አይባልም።

የአየር ፍራሽ እንግዛ?

አቅሙ ካለ ይረዳል፤ በተለይ ቁስል ላለበትና ራሱን ማዞር ለማይችል። ማገላበጥን ግን አይተካም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ከሥሩ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ የማገላበጫ ሰዓቱን ያሳጥሩ። ገዝተው ሲያነጥፉ እጅዎን ከፍራሹ ሥር፣ በበሽተኛው መቀመጫ አንጻር ያስገቡ፤ አጥንቱ እጅዎ ላይ ካረፈ ፍራሹ እየደገፈው አይደለም። ከላዩም ጋቢና ላስቲክ አይደርቡ፤ የተገዛበትን ጥቅም ያጠፋሉ።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ ወይስ የሆስፒታሉ?

አብዛኛው የአልጋ ቁስል መከላከል ይቻላል፤ ሁሉም ግን አይቻልም። አሜሪካዊው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ከፈረስ ወድቆ አንገቱን ከተሰበረ በኋላ ቀን ከሌሊት የሚንከባከቡት ነርሶች ነበሩት። በ2004 ሲሞት ግን በአልጋ ቁስል በመጣ ኢንፌክሽን እየታከመ ነበር። ደሙ በደንብ የማይዘዋወር፣ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ቆዳም ምንም ቢደረግለት ሊሸነፍ ይችላል።

ንትርኩን ለመቀነስ አንድ ነገር ይረዳል፦ በሽተኛው በተኛበት ቀን ቆዳው ከራስ እስከ እግር ታይቶ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከቤት ይዞት የመጣው ቁስልና ሆስፒታል ውስጥ የያዘው ያኔ ይለያል፤ ሕክምናውም ቶሎ ይጀመራል።

አባቴ «ተዉኝ፣ አታገላብጡኝ» እያሉ ይቆጣሉ። ምን ላድርግ?

ብዙ ጊዜ ቁጣው ሕመም ነው። የማስታገሻ መድኃኒት የታዘዘላቸው ከሆነ ከወሰዱ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ያገላብጧቸው። ከማንቀሳቀስዎ በፊት የሚያደርጉትን ይንገሯቸው፤ በድንገት መያዝ ያስደነግጣል። ሙሉ መዞሩን እንቢ ካሉ በትንሹ ይጀምሩ፦ ትራሱን ከጀርባቸው ገፋ ማድረግ፣ አንዱን እግር ማንሣት፣ ዳሌያቸውን ጥቂት ዘንበል ማድረግ። እነዚህም ጫናውን ቦታ ያስቀይሩታል። ያም ካልሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የማስታገሻው መጠን አንሶ ወይም ሳይታወቅ የቀረ ስብራት ኖሮ ሊሆን ይችላል። በሕይወታቸው የመጨረሻ ቀናት ላይ ላሉ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ማራራቅና የሚመቻቸውን ጎን መምረጥ ይቻላል።